የዘበኛው ልክ በፖስተኛው ስም

ጋሼ ሚሊሜትር ደረጃ ወጥተው መዝገብ ክፍል የገቡበትን ቀን ማንም አያስታውስም። ወረቀት ሲፈልጉ ከታች ሆነው በመዶሻ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ከላይ ያለ ሰው ሰምቶ ይወርዳል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአሥራ ስምንቱ ደረጃ እየተጎተተ የሚወጣ ጫማ ስትሰማ፣ መዝጋቢዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ደግሞ ምን ጉድ መጣ» አለች በልቧ።

ገቡ። ቅንድባቸው ሳይቀር ጀሶ ለብሷል። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ደረደሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ አንብቢልኝ። መነጽሬን አላመንኩትም።»

«የፖስተኛው... የመጀመሪያው ዙሪያ ሠላሳ አንድ ሣንቲም ከስምንት ሚሊ።»

«ቀጥይ።»

«የልብስ ሰፊዋ... ሠላሳ አንድ ከስምንት።»

«ቀጥይ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?»

ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ ዕድሜ የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሠላሳ አንድ ከስምንት። ከሥሩ ያሉት አምስት ቁጥሮችም እንደዚያው፣ አንዳቸው ከአንዳቸው ዝንፍ አይሉም።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት እግር ስሠራ የመንታ እግር እንኳ እንዲህ ሲገጥም አላየሁም» አሉ ጋሼ። «ይቺ ጡጦ ከጣለች ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ የጎልማሳ እግር ከየት አመጣች?»

ቤቱ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ነው። ከጉልበቱ በታች እግሩን ያጣ ሰው ሲመጣ የተረፈችው ቁራጭ፣ በእነሱ አነጋገር «ቀሪዋ»፣ ስድስት ቦታ ላይ በሜትር ትለካለች። ልኩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የሥራው ቀን ሲደርስ ታትሞ ታች ወርክሾፕ ይወርዳል፣ ጋሼም በዚያ ቁጥር ጀሶ ይቀርጻሉ፤ ጀሶው ጨርቅ ይለብሳል፣ ጨርቁ ላይ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ሙጫ ይፈስሳል፤ ሲደርቅ ቀሪዋ የምትገባበት ማቀፊያ ይሆናል። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በአንድ ሚሊሜትር የተነሳ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሦስት ቀን ተኳርፈው ነው። ባልደረባቸው አራት ነው ይላል፤ እሳቸው ግን ሦስት ቀን ነው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

«ሬዚኑን አፈሰሱት እንዴ?» አለች መዝጋቢዋ።

«ጨርቁን አልብሼ ቆርቆሮውን ከፍቼ ነበር። ሬዚኑን የሚያደርቀውን ማጠንከሪያ ልጨምር እጄን ስዘረጋ ነው የልጅቷ ወረቀት ዓይኔ ውስጥ የገባው።»

«ተመስገን!»

«ምኑ ነው ተመስገን? የቀረችን ማጠንከሪያ የአንድ እግር ናት። ሌላ ጭነት የሚገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያ ሰው ደግሞ ነገ ነው ቦርድ ፊት የሚቀርበው።»

ያ ሰው ፖስተኛው ነው። እግሩን ካጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጋሼ በሠሩለት እግር የድሮ መንገዱን ሲዞር፣ ደብዳቤ ሲያድል ቆይቶ ባለፈው ወር ማቀፊያው ተሰነጠቀበት። የፖስታ ቤቱ የሕክምና ቦርድ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አራዝሞለታል። ሦስተኛው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማራዘም የለም። ክራንች ይዞ ከገባ መንገዱ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እሱም ወደ ቤቱ ይሸኛል። አሁን ታች አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተጋድሞ የሚያልፈውን የሚያገድመውን ሁሉ ያስቃል።

«ሰውየው እዚሁ አለ አይደል? እንደገና ብንለካውስ?»

«ጠዋት ለካሁት። ሠላሳ አራት ከአራት። ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ አንጠልጥሏት መጥቶ አብጣለች። በዛሬ ልኳ ብሠራ ነገ እብጠቱ ሲወርድ እግሩ ከላዩ ላይ ወልቆ ቦርዱ ፊት ይንከባለላል።» ጀሶ በለበሰ እጃቸው ግንባራቸውን ያዙ። «በወረቀቱና በሜትሬ መሀል ያለውን ልዩነት በእብጠቱ አሳብቤ ቀረጽኩ። ሽማግሌ ሞኝ! እውነተኛ ልኳ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ እብጠት ሳይኖር የለካኋት ናት። እሷ ያለችው ደግሞ አንቺ ጋ ነው።»

«ያኔ የጻፉባት ወረቀትስ?»

«ወረቀት አታከማቹ፣ ኮምፒውተሩ ይበቃል ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ዳታቤዙን፣ የኮምፒውተሩን መዝገብ፣ የሠራችው ራሷ ናት፤ ስድስት ዓመት ሆነው። ሁሉም የሚሠራበት ቅጽ ሁለት ግማሽ አለው። በላይኛው ግማሽ የሰውየው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ በታችኛው የቀሪዋ ስድስት ልኮች ይታያሉ። ቀጣዩን ሰው የሚያመጣውን ቀስት ተጫነች። ስሙ ተለወጠ። ቁጥሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ደግማ ተጫነች፤ ሌላ ስም መጣ፣ እነዚያው ቁጥሮች። ሦስተኛ፣ አራተኛ... ክው አለች።

ታች ያለው ከላይ ካለው ጋር የሚታሰርበት ገመድ ተበጥሷል። መቼ እንደተበጠሰም ለማወቅ አላሰበችም፤ አወቀችው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ሳያወልቁ በሯ ላይ ቆመው፣ «የስልክ ቁጥር የምንጽፍባት አንዲት ሳጥን ጨምሪልን። አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም» ብለዋት ነበር። በስክሪኗ ጠርዝ ላይ በራሷ እጅ የተጻፈ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፦ የቅጹ ቅርጽ ከመነካቱ በፊት ሁሉም ይውጣ፤ ቅጂ ይወሰድ፤ ሥራው ቅጂው ላይ ይሁን። ያን ጊዜ እንግዳ መቀበያውም ወርክሾፑም ቅጹን ከፍተውት ነበር። እሷ ግን ቢጫውን ወረቀት እያየች ቅጹን ከፍታ ሳጥኗን ጨመረች። ስታስቀምጠው ስክሪኑ ደረቀ፣ አንድ የማታውቀው መልእክት ብቅ አለ፣ ዘግታ ስትከፍተው ሁሉም ነገር እንደነበረ ነበር። ሳጥኗም አለች። ትንፋሿን ለቃ ረሳችው።

«እሺ፣ ይጠብቁኝ ጋሼ። ቅጹ መስኮት ነው። መስኮት ተሰበረ ማለት ቤቱ ተዘረፈ ማለት አይደለም። ልኮቹ ከኋላ ሰንጠረዡ ውስጥ ናቸው።»

ሰንጠረዡን በቀጥታ ከፈተች። የልብስ ሰፊዋ ልክ በቦታው አለ፤ ሌላ ነው። የልጅቷም አለ፤ ሃያ ሦስት ከስድስት። ተስፋ ዘለለባት። የፖስተኛውን ስም ፈለገች።

ሠላሳ አንድ ከስምንት።

«የእሱ አይደለም» አሉ ጋሼ ከትከሻዋ በላይ። «ራሴ ለክቼው! ቁጥሩን ረስቼው ይሆናል፤ እጄ ግን ያን እግር ያውቀዋል።»

ስልኩን አንስታ ታች እንግዳ መቀበያ ደወለች። እዚያ የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት፤ ከገባች ሦስት ወሯ ነው፤ ያስገባቻትም እሷው ነች።

«ጠዋት ከሁለት ሰዓት በኋላ አዲስ ሰው መዝግበሻል?»

«አንድ ዘበኛ፣ ቀጭን ሰውዬ። በጋሼ ባልደረባ ተለክቶ ወዲያው ሄደ። ምነው እትዬ?»

«ልኩን ስታስገቢ ታች ያሉት ሳጥኖች ባዶ ነበሩ?»

«አይ፣ ቁጥር ነበረባቸው። የትናንት ትራፊ መስሎኝ አጥፍቼ ጻፍኩበት።» ድምጿ አነሰ። «አጥፍቻለሁ እንዴ?»

መዝጋቢዋ ፊት ሁሉም ነገር ተዘረጋ። ገመዱ ሲበጠስ ታችኛው ግማሽ የሁሉንም ሰው ልክ በአንድ ላይ ደርድሮ የመጀመሪያውን ከላይ ማሳየት ጀመረ። ቅደም ተከተሉን በእግሩ መስጫ ቀን ያደረገችው እሷ ናት፤ ቀኑ የቀረበ ሰው አንደኛ ይወጣል። ከሁሉ የቀረበው ፖስተኛው ነበር። እህቷ የዘበኛውን ልክ ስትጽፍ በተሰበረው መስኮት እጇን አስገብታ የፖስተኛውን ልክ አጥፍታ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የታተመው ወረቀት ሁሉ፣ የማንም ስም ከላይ ይኑርበት፣ ከታች የዘበኛውን እግር ተሸክሞ ወጣ።

«ከቅጹ ውጪ፤ አሁኑኑ» አለች። «ለወርክሾፑም ንገሪ። ማንም እንዳይነካው።»

ስልኩን ሳታስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። ወሬ በዚያ ቤት ከሬዚን ይፈጥናል።

«ምን ተፈጠረ? ማነው የነካው? ያቺ አዲሷ ልጅ ናት አይደል?»

ያን ጊዜ አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሙሉ በሙሉም ውሸት አይሆንም። መዝጋቢዋ ግን ወደ አለቃዋ ዞረች።

«እሷ የታያትን ነው የሠራችው። ቅጹን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሳይወጣ፣ ቅጂ ሳልወስድ ነካሁት።»

«ለምን ብለሽ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጋሼ ጣሪያውን ተመለከቱ። ሥራ አስኪያጁ አፋቸውን ከፍተው ሊቀጥሉ ሲሉ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ያለችው የስልክ ሳጥን ላይ አረፈ፤ አፋቸውም ተመልሶ ተዘጋ። ጆሯቸው ቀላ።

«ደህና» አሉ በመጨረሻ። «አሁን የሚበጀውን እናድርግ። ጥገና የሚል ትእዛዝ የለውም? ተጫኚውና ያስተካክለው።» ማውሱን ያዙ።

እጇን እጃቸው ላይ ጫነች። «አይነኩም፣ አለቃ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። እሳቸውም እንዲህ ተብለው የሚያውቁ አይመስሉም።

«ጥገናው ያልገባውን ነገር ቆርጦ ይጥላል። የሚጥለው ነገር የሰው እግር ቢሆንስ? መጀመሪያ ቅጂ፤ ከነስብራቱ።»

«እሱን ተይውና የዓርቡን ቅጂ ላዩ ላይ ገልብጪበት! ሰዓቱን አታዪም? ሬዚኑ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ካልፈሰሰ እኮ ማታ አይደርስም።»

«ይደርሳል፤ ፖስተኛው ይድናል። ዘበኛው ግን ይጠፋል። የዓርቡ ቅጂ ዘበኛውን አያውቀውም። ቀሪዋ ተለክታ ሰውየው ወደ አገሩ ተሳፍሯል፤ ስሙ፣ አድራሻውና ልኩ በአንድ ላይ ያሉት እዚህ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። አንዱን እግር ለማዳን ሌላውን ልደምስስ?»

ሥራ አስኪያጁ ማውሱን ለቀቁት።

የተበላሸውን ፋይል እንዳለ ቀዳችው። የዘበኛውን ስድስት ቁጥሮችም በእጇ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ወረቀት ነበረች። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ሳጥንዎ።»

በየዓርቡ የምትወስደው የዳታቤዙ ቅጂ የሚቀመጠው በጋሼ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነው። የብረት ካዝናው ቁልፍ አራት ሰው እጅ ላይ ስለሚዞር፣ የጋሼን ሳጥን ግን ከእሳቸው በቀር የነካ ሰው እጁ እንደሚመታ ስለሚታወቅ፣ ፍላሹን እዚያ እንዲያስቀምጡላት የለመነችው እሷ ነበረች። ጋሼ ወርደው ሳጥኑን ራሱን ተሸክመው መጡ። ከደቃቃዎቹ ሞረዶች ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ፍላሽ አወጡ።

ሰካቻት። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ነቅላ ደግማ ሰካች። ምንም።

«ሞታለች እንዴ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ።

«አምጪያት» አሉ ጋሼ። ፍላሿን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አፏን አዩ። «ጀሶ ቅማለታም! የትም ይገባል።» ከሳጥኑ የጥፍር ስፋት ያላት ብሩሽ አውጥተው፣ የሕፃን ዓይን እንደሚያጸዳ ሰው ትንፋሻቸውን ይዘው ጠረጉላት። የግድግዳው ሰዓት አምስት ከአሥር ይላል። መዝጋቢዋ መልሳ ሰካቻት፤ ትንሿ መብራት ብልጭ አለች።

ፍላሿ ላይ ሳትከፍተው ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሯ ቀዳች፤ ሰንጠረዡን ከፍታ ስሙን ፈለገች።

«ሠላሳ ሦስት ከአንድ።»

ጋሼ አልተደሰቱም። ከኪሳቸው ዛሬ ጠዋት ካበጠችው ቀሪ ላይ የወሰዱትን ልክ አወጡ። «ሁለተኛው?»

«ሠላሳ አንድ ከሰባት።»

«ዛሬ ሠላሳ ሦስት። ሦስተኛው?»

«ሃያ ዘጠኝ ከዘጠኝ።»

«ዛሬ ሠላሳ አንድ ከአንድ...» እስከ ስድስተኛው እንዲህ ወረዱ። ስድስቱም ላይ ልዩነቱ አንድ ሣንቲም ከምናምን ነው። እብጠት ነው፤ ከላይ እስከ ታች እኩል የሄደ እብጠት። ጋሼ ወረቀቱን አጠፉት።

«እሱ ነው። እጄ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ጀሶውስ? በትንሹ ነው የቀረጹት።»

«ብዙ ቢሆን እሞርደው ነበር። ሁለት ሚሊ ዙሪያውን ልጨምርበት ነው፤ እርጥብ ጀሶ ከደረቅ ጋር ደግሞ አይዋደድም። ማድረቂያውን ክፍል አሙቁልኝ» ብለው ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረጉ ወረዱ። መዝጋቢዋ ከሥራቸው የፖስተኛውን ድምፅ ሰማች፦ «ጋሼ፣ እግር የሌለኝ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምን እሳት ላይ ቆመው ነው የሚሮጡት?»

«አንተ ዝም ብለህ እግርህን ስቀል!»

እሷ በሯን ዘጋች። የተሰበረውን ቅጽ ልታክመው አልሞከረችም። ባዶ አዲስ ፋይል ከፍታ ከዓርቡ ቅጂ ጤነኛውን ቅጽ አመጣች፤ ከዛሬው ፋይል ሰንጠረዦቹን ብቻ አመጣች። የፖስተኛውን መስመር በትክክለኛው ልክ መለሰች፤ የዘበኛውን ስድስት ቁጥሮች ከወረቀቷ ላይ በራሱ ስም ሥር አስገባች። ቀስቱን ተጫነች። ስሙ ተለወጠ፤ ቁጥሮቹም ተለወጡ። አላመነችም። እህቷን ጠርታ፣ አንዷ እያነበበች ሌላዋ እያረመች፣ ከዓርብ ወዲህ የገባውን ወይም የተለወጠውን ልክ ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። አሥራ ሦስት ሰው። ከፖስተኛውና ከዘበኛው በቀር የተበላሸ አልነበረም።

«ለአለቃ እሷ ናት ብትያቸው ምን ነበረበት?» አለች እህቷ አንገቷን ደፍታ። «የጻፍኩበት እኮ እኔ ነኝ።»

«ያልገባሽን ቁጥር ከማጥፋትሽ በፊት ደውለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ አንቺም ሆንሽ እኔ እዚህ አንቀመጥም ነበር። ይህን ያዢ፤ ሌላው የእኔ ነው።»

ከዚያ ቀድሞ ማድረግ የነበረባትን አደረገች። ሰንጠረዦቹን ለብቻ አንድ ቦታ አኖረች፤ ለእንግዳ መቀበያው፣ ለወርክሾፑና ለራሷ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የየራሱን ቅጽ ሰጠች። ከእንግዲህ የአንዱ መስኮት ቢሰበር የሌላው አይሰበርም። በታችኛው ግማሽ አናት ላይም ከቁጥሮቹ ጎን ቅጹ የባለቤቱን ስም ደግሞ እንዲያሳይ አደረገች፤ ከላይ ካለው ስም ሳይሆን ከልኮቹ መስመር ራሱ እየተነሣ። እግር ከባለቤቱ ከተለየ ሁለቱ ስሞች ይጣላሉ፤ ያየ ሰው ሁሉ ያያል።

ሬዚኑ የፈሰሰው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ጋሼ የመጨረሻዋን ማጠንከሪያ ጠብታ በጠብታ ሲጨምሩ ፖስተኛው እንኳ ቀልዱን አቁሞ አንገቱን አሰገገ።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማቀፊያው ተሞረደ፣ ተለሰለሰ፣ እግሩ ላይ ታሠረ። ፖስተኛው ከጠዋት ጀምሮ ቀሪዋን በፋሻ ጠምጥሞ፣ ሰቅሏት ውሏል። ጋሼ ፋሻውን ፈትተው ለኩ። ሠላሳ ሦስት ከአራት። ሦስት ሚሊ ቀርቷታል።

«ትገባለች?» አለ ፖስተኛው። አልቀለደም።

«ግፋ።»

ገፋ። ግማሽ ላይ ቆመች። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። መዝጋቢዋ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ጋሼ ተንበርክከው ማቀፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው በጣም በዝግታ ወደ ውስጥ አዞሩት። ጧ የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ ቀሪዋ ቦታዋን ያዘች።

ሰውየው ተነሣ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ እስከ በሩ። ዞረ። ጋሼን አያቸው፤ እሳቸውም ሞረዳቸውን መጥረግ ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ የሠራ ሰው የለም። ቦርዱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ መዝገብ ክፍል ወጡ።

«ለምን አንደውልለትም?»

«በምን ቁጥር?» አለች መዝጋቢዋ።

ሥራ አስኪያጁ የስልክ ሳጥን የሌለበትን ቅጽ አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺ ሳጥን... መቼ ነው የምትገባው?»

«ዓርብ። ሁሉም ከወጣ በኋላ፣ ቅጂው ላይ።»

«ዓርብ ደህና ነው።»

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የጋሼ አይደለም። አንዱ እርምጃ ለስለስ፣ ሌላው ጠንከር ይላል፤ ምርኩዝ ግን አብሮት የለም። መዝጋቢዋ ሳታውቀው መቁጠር ጀመረች። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት ላይ ቆመ፤ ትንፋሽ የሚወስድ ሰው ድምፅ ተሰማ። አሥራ ስምንት።

ፖስተኛው በሩ ላይ ቆመ። በአንድ እጁ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዟል፤ ሌላው እጁ ባዶ ነው።

«መንገዴን መለሱልኝ» አለ። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ጎንበስ ብሎ፦ «እህቴ፣ ትናንት አግዳሚው ላይ ተኝቼ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የዘበኛውን እግር አስገብታችሁልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ በማደል ፈንታ በር ስጠብቅ ነበር የማረጀው።»

ከታች ቧንቧው በመዶሻ ሁለት ጊዜ ተመታ። ጋሼ የልጅቷን ወረቀት ይፈልጋሉ። መዝጋቢዋ አተመችው፤ ላይኛውንና ታችኛውን ስም አስተያየች፣ ደግማ አስተያየች፣ ይዛውም ወረደች።